የወይን እርሻ መስኖን በሴንሰር መምራት፦ ባቱና አካባቢው ላላችሁ

ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ወይን ያላችሁ ወይም ለመትከል ያሰባችሁ ሰዎች ይቺን ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡልኝ። የካስቴል እርሻ እዛው ባቱ ላይ ተተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን ወይን ጠጅ ገበያ ላይ ካወጣ ወዲህ ወይን በስምጥ ሸለቆ ይሆናል ወይ ብሎ የሚከራከር የለም፣ አሁን ጥያቄው ውሃው ነው። ሀይቁን ሁሉም ይስበዋል፣ የአበባ እርሻው ይስባል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ይስባል፣ ከተማውም ከዛው ነው የሚጠጣው። ዝናቡ በዓመት ወደ 700 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ እሱም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያልቃል። ከጥቅምት በኋላ ወይኑ በፓምፕ ነው የሚኖረው፣ ፓምፑ ደግሞ በናፍጣ ወይ በመብራት፣ ሁለቱም ምን እንደሚያስወጡ ለእናንተ አልነግርም።

ብዙ ቦታ መስኖው የሚሄደው በቀን ቆጠራ ነው፣ ሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ሰዓት ይለቀቃል በቃ። ሞቀም ቀዘቀዘም ያው ነው። ሴንሰር ይግባ ሲባል ደግሞ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው አፈሩ መቼ እንደደረቀ እንዲነግረው ነው። እሱን ግን ጎበዝ ገበሬ በእጁም አፈር ጨብጦ ያውቀዋል። በእጅ የማይታወቀው ውሃው ከሥሩ አልፎ የት እንደደረሰ ነው። ስለዚህ የኔ ሃሳብ ባጭሩ፣ ገንዘብ የሚመልስላችሁ ታች የሚቀበረው ሴንሰር ነው፣ ላይኛው ሳይሆን። አሸዋ የበዛበት አፈር ላይ ውሃ ወደ ጎን ብዙ አይሄድም፣ ወደ ታች ነው የሚሮጠው፣ ሦስት ሰዓት ስትለቁ የመጨረሻዋ ሰዓት ለወይኑ ሳይሆን ለከርሰ ምድሩ የተከፈለች ልትሆን ትችላለች፣ ከውሃው ጋር የከፈላችሁበት ናይትሮጅንም አብሮ ይወርዳል። ላዩ ደርቆ ስለምታዩት ግን በማግስቱ "ኧረ ጠምቶታል" ብላችሁ ትደግማላችሁ።

ከሴንሰሩ በፊት ድሪፑን አስተካክሉ

ይሄን ዘልሎ ሴንሰር መግዛት ብር መበተን ነው። ሴንሰሩ የሚያየው አንድ ድሪፐር (ውሃ የምታንጠባጥበዋ ቀዳዳ) ስር ያለውን አፈር ብቻ ነው፣ ያቺ ድሪፐር ከተደፈነች መላው ብሎክ (አንድ ቫልቭ የሚያጠጣው ማሳ) ደርቋል ብሎ ይነግራችኋል፣ ብዙ የምታፈስ ከሆነች ደግሞ ወይኑ እየተጠማ ጠግቧል ይላችኋል። የሀይቅ ውሃ አልጌና ደለል ስላለው የአሸዋ ፊልተርና ከሱ በኋላ የዲስክ ፊልተር ያስፈልጋል፣ የመስመሮቹንም ጫፍ እየከፈታችሁ እጠቡ።

መለኪያው ቀላል ነው። ድሪፐሩ በሰዓት 2 ሊትር የሚል ከሆነ በ15 ደቂቃ ግማሽ ሊትር መስጠት አለበት፣ ማለትም ትንሿን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከስሩ ብትደግኑ በ15 ደቂቃ ልክ ትሞላለች። ከመስመሩ መጀመሪያ፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው፣ ከብሎኩም ቅርብና ሩቅ ካሉት መስመሮች እየወሰዳችሁ አስራ አምስት ሃያ ድሪፐር ሞክሩ። አንዱ ጠርሙስ ሞልቶ ሌላው ግማሽ ከሆነ ችግራችሁ ፕሬዠር ወይ መደፈን ነው፣ እሱን ፍቱና ተመለሱ።

የትኛውን ሴንሰር

ገበያ ላይ ብዙ አይነት አለ ግን በመሰረቱ ሁለት ነገር ነው የሚለኩት። አንዱ አፈሩ ውስጥ ስንት ፐርሰንት ውሃ እንዳለ ይለካል፣ ካፓሲታንስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሌላው ሥሩ ውሃውን ለመሳብ ምን ያህል መታገል እንዳለበት ይለካል፣ በኪሎፓስካል ወይም በሴንቲባር (አንድ ናቸው፣ ቁጥሩ ሲጨምር አፈሩ እየደረቀ ነው)፣ ቴንሲዮሜትርና ዋተርማርክ የሚባለው የጂፕሰም አይነት ሴንሰር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለወይኑ ቀጥታ ትርጉም ያለው ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም 15 ፐርሰንት ውሃ አሸዋ ላይ ጥጋብ ሲሆን ሸክላ ላይ ግን ጥማት ነው፣ 50 ሴንቲባር ግን የትም 50 ሴንቲባር ነው።

ቴንሲዮሜትር (ውሃ የሚሞላ ቱቦ ነው) አሸዋ ላይ በጣም ጎበዝ ነው፣ ቶሎ ይመልሳል፣ ርካሽም ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መሳሪያው በአየር ግፊት ላይ የተመሰረተ ስለሆነ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ባህር ወለል ላይ እስከ 80 ኪሎፓስካል ገደማ ያነባል፣ ባቱ ግን ወደ 1,640 ሜትር ላይ ናት፣ እዛ የአየር ግፊቱ ራሱ 83 ገደማ ስለሆነ ከ60 ብዙም ሳያልፍ ውስጡ አየር ይገባና ንባቡ ዋጋ ያጣል። ቀይ ወይን ሆን ብላችሁ ስታስጠሙ ከዛ በላይ ልትሄዱ ስለምትችሉ ቴንሲዮሜትር ብቻ ይዛችሁ አትግቡ። ዋተርማርክ እስከ 200 እና ከዛም በላይ ያነባል፣ ውሃም መሙላት አይፈልግም፣ ጉድለቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ትንሽ ዘገምተኛ መሆኑና የአፈር ሙቀት ንባቡን ስለሚቀይረው ጎኑ የሙቀት ሴንሰር መፈለጉ ነው።

ካፓሲታንሱ ቶሎ ያነባል፣ ግራፉም ቆንጆ ነው፣ ርካሾቹ ግን ጨው ያለበት አፈር ላይ ይሳሳታሉ፣ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ጨዉ እንዳለ ታውቃላችሁ። እኔ ብሆን ሥሩ ያለበት ጥልቀት ላይ ዋተርማርክ አድርጌ፣ በጀቱ ከፈቀደ አንድ ባለብዙ ጥልቀት ካፓሲታንስ ፕሮብ እጨምራለሁ። ከዛ ውጪ ዋናው ቱቦ ላይ ፍሎው ሜትር (የሚያልፈውን ውሃ የሚለካ) እና የፕሬዠር ሴንሰር አስገቡ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይተወዋል ግን የተበጠሰ መስመርም የተደፈነ ፊልተርም የሚያዘው በዚህ ነው።

የት ይቀበር

መጀመሪያ ብሎኩን በአፈር ከፋፍሉት። በአካፋ ሦስት አራት ቦታ አንድ ሜትር ቆፍራችሁ እዩ፣ አሸዋ የት ነው ሸክላ የት ነው፣ ሥሩስ እስከ የት ወርዷል። እያንዳንዱ አንድ ቫልቭ የሚያጠጣው ብሎክ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይፈልጋል፣ አንዱን ቦታ አይጥ ሊበላው ይችላል ወይ ያልተለመደ ተክል ላይ ሊሆን ይችላል። ጤነኛና መካከለኛ የሆነ ተክል ምረጡ፣ ጫፍ ላይ ያለውን ወይ መንገድ ዳር ያለውን ተዉት፣ እዛ ነፋሱም አቧራውም ሌላ ነው።

ጥልቀቱ 30፣ 60 እና 90 ሴንቲሜትር። ሦስት መግዛት ካልቻላችሁ 30 እና 90 ይሁን፣ መሃሉን ዝለሉት፣ ታችኛውን ግን በፍጹም አትዝለሉት። ቦታው በተክሉ መስመር ላይ ከድሪፐሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው፣ አሸዋ ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር፣ ሸክላ ላይ ወደ 30 ይሂድ። ልክ ድሪፐሩ ስር ከቀበራችሁት ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ በጣም ካራቃችሁት ደግሞ ውሃው አይደርስበትም።

አቀባበሩ ላይ ትዕግስት ይኑራችሁ፣ አብዛኛው የተሳሳተ ዳታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዋተርማርኩን ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ነክራችሁ እስከ ማታ አድርቁት፣ ደግማችሁ ነክራችሁ አሳድሩት፣ ይሄን ሁለት ሦስቴ አድርጉና የመጨረሻውን እርጥብ እንደሆነ ቅበሩት። ጉድጓዱ ከሴንሰሩ ትንሽ ብቻ ሰፋ ያለ ይሁን፣ በቀጭን የአፈር መሰርሰሪያ ወይ በብረት ቱቦ ይሰራል። ከዛው ጥልቀት የወጣውን አፈር በውሃ አላቁጣችሁ እንደ ቀጭን ጭቃ አድርጉትና ትንሽ አፍስሳችሁ ሴንሰሩን እሱ ላይ ተጭናችሁ አስቀምጡት፣ በሴንሰሩና በአፈሩ መሃል አየር ከቀረ አለቀ፣ ሁልጊዜ ደረቅ ነው የሚላችሁ። የወጣውን አፈር በወጣበት ቅደም ተከተል መልሱ፣ እየመለሳችሁ ጠቅጥቁት፣ ካልሆነ ውሃው በጉድጓዱ አፍ ቀጥታ ወርዶ ታችኛውን ሴንሰር ያረጥበውና በሐሰት ያስደነግጣችኋል። ሽቦውን በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት፣ አይጥና ጃርት የሚያኝኩት መጀመሪያ እሱን ነው፣ ከዛ ደግሞ የአረሙ መቆፈሪያ። ቦታውን ቀለም በተቀባ እንጨት ምልክት አድርጉበትና ሰራተኞቹን ጠርታችሁ አሳዩአቸው። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ዳታ አትመኑት፣ አፈሩ እስኪረጋ ነው።

ዳታው እንዴት ይምጣ

ሁለት መንገድ አለ። እርሻው ትንሽ ከሆነና የሞባይል ኔትወርክ ጥሩ ከሆነ ሴንሰሮቹ የሚገናኙበት እያንዳንዱ ሳጥን ሲም ካርድ ይዞ በራሱ ይልካል፣ ትንሽ ፓኬጅ በቂው ነው ምክንያቱም የሚላከው ቁጥር ብቻ ነው። ብሎኩ ሲበዛ ግን ሎራ ይሻላል፣ ሳጥኖቹ በትንሽ ባትሪ በሬዲዮ ወደ አንድ ጌትዌይ (የሁሉንም ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚያሳልፍ) ይልካሉ፣ ጌትዌዩ ብቻ ሲምና ሶላር ይኖረዋል። ሜዳ ላይ ጥቂት ኪሎሜትር ይደርሳል፣ ጌትዌዩን ከፍ ያለ ቦታ፣ ውሃ ታንከሩ ላይ ወይ ጣሪያ ላይ ስቀሉት። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲውን ከመግዛታችሁ በፊት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አጣሩ፣ ጉምሩክ ላይ ከቆመ በኋላ ማጣራት ዋጋ የለውም።

በየ30 ደቂቃው ቢያነብ በየሰዓቱ ቢልክ ይበቃል፣ ከዛ ማብዛት ባትሪ መጨረስ ነው። ሳጥኑ ኔትወርክ ሲጠፋ ውስጡ የሚያስቀምጥ፣ ሲመለስ የሚልክ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ። ኢኤስፒ 32 የሚባለውን ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ ቺፕ የሚያውቅ ልጅ ቤታችሁ ካለ ራሱ ይሰራዋል፣ ቴሌግራም ቦት አድርጎ ቫልቭ ለሚከፍተው ሰው ስልክ ላይ "ብሎክ 3 ይከፈት" የሚል በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ መልእክት ሊልክለት ይችላል። ይሄን አትናቁት፣ ቆንጆ ግራፍ ቢሮ ያለው ሰው ነው የሚያየው፣ ውሃውን የሚለቀው ሰው ግን ማሳው ላይ ነው።

ግራፉን ማንበብ

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። መጀመሪያ የእናንተ አፈር ጠገበ የሚባለው የት ላይ እንደሆነ እወቁ። አንዴ በደንብ አጠጥታችሁ ዝጉ፣ አሸዋ ከሆነ አንድ ቀን ሸክላ ከሆነ ሁለት ቀን ጠብቁ፣ መስመሩ መንቀሳቀሱን ትቶ ሲረጋ ያ ነው ሙሉ የምትሉት ነጥብ። በሴንቲባር አሸዋ ላይ 10 አካባቢ ይሆናል፣ ሸክላ ላይ 30 አካባቢ።

ከዛ በኋላ ካፓሲታንስ ፕሮብ ካላችሁ የ30 ሴንቲሜትሩን መስመር አስተውሉት። ቀን ቀን ይወርዳል ማታ ማታ ቀጥ ይላል፣ በቅርብ ስታዩት ልክ ደረጃ ነው የሚመስለው። ቀን የሚወርደው ወይኑ ሲጠጣ ነው፣ ማታ የሚቆመው ቅጠሉ ትንፋሹን ሲዘጋ ነው። ደረጃው እኩል እኩል እስከሆነ ድረስ ወይኑ እየጠጣ ነው አትንኩት፣ ላዩ አቧራ ቢሆንም አትንኩት። አየሩ ሳይቀየር የቀኑ ውረድ ማጠር ከጀመረ ወይኑ ከዛ ጥልቀት ውሃ ማግኘት እየከበደው ነው፣ ያን ጊዜ የ60ው ደረጃ ሊጎላ ይችላል ምክንያቱም ወደ ታች ወርዶ መጠጣት ጀምሯል ማለት ነው። መስኖ መክፈቻችሁን ከዚህ ነጥብ ነው የምትወስኑት፣ ከኢንተርኔት ከተገኘ ቁጥር አይደለም።

የ90ውን ደግሞ ከመስኖ በኋላ ባለው ሌሊትና በማግስቱ እዩት። ዝም ካለ ጥሩ ነው። ከተንቀሳቀሰ፣ ማለትም በድንገት እርጥብ ከሆነ፣ ውሃው ሥሩን አልፏል። በሚቀጥለው 15 ደቂቃ ቀንሱ፣ አሁንም ከተንቀሳቀሰ ሌላ 15 ደቂቃ። ላይኛው ሞልቶ ታችኛው ሳይነቃነቅ የሚያልፍበትን ሰዓት ስታገኙ ያ ነው የእናንተ ብሎክ ትክክለኛ የመስኖ ርዝመት። አሸዋ ላይ ይሄ አጭር ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ስለዚህ ሦስት ሰዓት በአንዴ ከመልቀቅ አንድ አንድ ሰዓት ከፋፍሎ መልቀቅ ይመጣል።

ስንት ውሃ

ሴንሰሩ መቼ የሚለውን ይመልሳል፣ ስንት የሚለውን ለመጀመር ግን ሂሳብ ያስፈልጋል። ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው አሰራር አሁንም ዓለም የሚጠቀምበት ነው፣ የቀኑን የትነት መጠን ትወስዱና በሰብሉ ኮኤፊሸንት (ሰብሉ ከትነቱ ስንት እጁን እንደሚጠጣ የሚነግር ቁጥር) ታበዛላችሁ፣ ለወይን ጠጅ ወይን መጀመሪያ ላይ 0.30፣ ቅጠሉ ሲሞላ 0.70፣ መጨረሻ ላይ 0.45 ነው። በበጋ የቀኑ ትነት 5 ሚሊሜትር ነው እንበል፣ በ0.70 ሲበዛ 3.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ተክሉ በመስመር መሃል 2.5 ሜትር በተክል መሃል 1.2 ሜትር ከሆነ 3 ካሬ ነው የያዘው፣ አንድ ሚሊሜትር በካሬ አንድ ሊትር ነው፣ ስለዚህ 10.5 ሊትር በቀን። ድሪፑ 90 ፐርሰንት ቀልጣፋ ነው ብላችሁ ብታካፍሉ 11.7 ሊትር። ለአንድ ተክል ሁለት ባለ 2 ሊትር ድሪፐር ካላችሁ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው፣ ይሄ ግን ወይኑን ምንም ሳታስጠሙት ከሆነ ነው፣ ለጥሩ ወይን ጠጅ ደግሞ ይሄን ሁሉ አትሰጡትም።

እኛ ጋ ብርድ መጥቶ ወይኑን ስለማያስተኛው ካላንደሩ የሚቆጠረው ከግርዘት (ቅርንጫፉ ከሚቆረጥበት) ቀን ነው፣ ሴንሰሩንም ከዛ ቀን ጋር አያይዛችሁ መዝግቡ። ከማቆጥቆጥ እስከ አበባ አታስጠሙ፣ አበባ ላይ ውሃ ካጠረ ፍሬው አይይዝም። ፍሬው ከያዘ በኋላ እስከ ቀለም መቀየሪያው ያለው ጊዜ ነው ቀይ ወይን ላይ የምትቆጥቡበት፣ ከሂሳቡ ግማሹን ስጡ፣ ቅጠሉ መብዛቱን ያቆማል፣ ፍሬው ትንሽና ወፍራም ቆዳ ያለው ይሆናል፣ ቀለሙና ጣዕሙ ያለው ቆዳው ላይ ነው። ቅጠል ያልበዛበት ዘለላ አየር ስለሚያገኝ ዱቄት መሳዩ ሻጋታም ይቀንስለታል። ነጭ ወይን ላይ ግን ቀለል አድርጉት። ቀለም ከቀየረ በኋላ ድንገት ብዙ ውሃ አትልቀቁ፣ ፍሬው ይሰነጠቃል ይቀጥናልም። ከለቀማ በኋላ ደግሞ አትርሱት፣ ለሚቀጥለው ዙር ስንቁን የሚይዘው ያኔ ነው።

አፈሩ ብቻ ሳይሆን ተክሉም ይጠየቅ

የፕሬዠር ቻምበር የሚባለውን መሳሪያ መከራየት ወይ በጋራ መግዛት ከቻላችሁ ሴንሰራችሁን የሚያርምላችሁ እሱ ነው። እኩለ ቀን ከመሆኑ ግማሽ ሰዓት በፊት ቅጠሉን ብርሃን በማያስገባ ከረጢት ሸፍናችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ቆርጣችሁ ማሽኑ ውስጥ ታስገቡታላችሁ፣ ጋዙ ሲገባ ከቅጠሉ አንገት ላይ ጠብታ ብቅ ስትል ያለው ባር ነው መልሱ። በዚህ አሰራር 8 ባር ድረስ ጠግቧል፣ ከ10 እስከ 12 ቀይ ወይን ለማስጠማት የምትፈልጉት ነው፣ ከ14 ካለፈ እየጎዳችሁት ነው። ያን ቀን የ30 እና የ60 ሴንሰሩ ስንት እንዳለ ጻፉ፣ ይሄን አራት አምስት ጊዜ ካደረጋችሁ የራሳችሁ ቁጥር ተገኘ። ማሽኑ ከሌለ የቀንበጡን ጫፍ እዩ፣ መጠምጠሚያው ክር ከጫፉ አልፎ እየተዘረጋ ከሆነ ውሃ አለው፣ ከደረቀና ከረገፈ ጥማት ገብቶታል። ከሰዓት በኋላ ቅጠሉን በእጅ ንኩት፣ ከአየሩ ከሞቀ ትንፋሹን ዘግቷል።

ጨዉን ደግሞ አደራ። ውሃ ስትቆጥቡ ጨው ሥሩ አካባቢ ይከማቻል፣ ወይን የአፈሩ ጨው ከ1.5 ዴሲሲመንስ በሜትር (ላብራቶሪ ጨውን የሚለካበት) ሲያልፍ ምርት መቀነስ ይጀምራል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ በተለይ ውሃውንም አፈሩንም በዓመት አንዴ ላብራቶሪ አስመርምሩ። ክረምቱ ጥሩ ከሆነ ያጥበዋል፣ ያጥበው እንደሆነም የ90 ሴንሰራችሁ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ርሶ ስታዩት ታውቃላችሁ፣ ዝናቡ ካጠረ ግን አንድ ቀን ሆን ብላችሁ ረዘም አድርጋችሁ ማጠብ ይኖርባችኋል፣ 90ው እንዲንቀሳቀስ የምትፈልጉበት ቀን ይሄ ብቻ ነው።

ቫልቩ ራሱ ይከፈት ራሱ ይዘጋ የምትሉ፣ አንድ ሙሉ ዙር ከግርዘት እስከ ለቀማ በእጅ ከመራችሁ በኋላ ይሁን። ስታደርጉትም ሴንሰሩ ቢበላሽ ወይ ኔትወርክ ቢጠፋ ቫልቩ የሚዘጋ እንጂ ክፍት የሚቀር እንዳይሆን፣ ከፍተኛው የመክፈቻ ሰዓትም መቆጣጠሪያው ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀመጥ አድርጉ፣ ፍሎው ሜትሩ ቫልቩ ተዘግቶ ውሃ ካየ ደግሞ ለጥበቃው ስልክ ወዲያው እንዲደውል።